የተጣመመ፣ ጉጥ የበዛበትና ቁርጥራጭ ጣውላ፤ ትርፍ የሚሰጠው ምን ቢሠራበት ነው?

ጣውላ ጠራቢ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼ። ሦስት ሆነን በምንሠራበት አነስተኛ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ውስጥ የሁለት ዓመት ቁርጥራጭ ተጠራቅሟል። በዚህ ላይ ባለፈው ወር አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ደረጃ አያሟላም ብሎ ወደ ጎን ያስቀመጠውን ጣውላ ከደህናው በብዙ እጥፍ ረክሶ ስላገኘሁት ሳላመነታ ገዛሁት። አሁን ክምሩን ባየሁት ቁጥር ሐሳብ ይይዘኛል። ከፊሉ በወርዱ እንደ ጀልባ ጎድጉዷል፤ ከፊሉ በቁመቱ እንደ ቀስት ጎብጧል፤ ጉጥ የሌለበት ጣውላ በጣት ይቆጠራል፤ ጫፉ የተሰነጠቀው ብዙ ነው፤ ጥቂቱን ደግሞ ነቀዝ በስቶታል።

እስካሁን የሞከርኩት ትንንሽ ሣጥኖችንና የፎቶ ፍሬሞችን መሥራት ነበር። ያየ ሁሉ አድንቋል፤ የገዛም አለ። ነገር ግን ጊዜዬን ስመዘግብ አንዱ ሣጥን ከግማሽ ቀን በላይ እንደወሰደብኝ ተረዳሁ፤ በዚያው ጊዜ ከደህና ጣውላ አንድ የበር ፍሬም እጨርስ ነበር። እንጨቱ በነፃ የመጣ ያህል ቢሆንም ሥራው አክስሮኛል ማለት ነው። ለማገዶ ይሁን ብዬ እንዳልሰጠው ደግሞ አንጀቴ አልቻለም። እናንተ ይህን መሰሉን እንጨት ለምን አዋላችሁት? በእርግጥስ አተረፋችሁበት?

አናጢዋ፦

ወንድሜ፣ ጊዜዎን መዝግበው መቅረብዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙዎቻችን ሳንመዘግብ ለዓመታት ከስረናል። እኔ ከቁርጥራጭ ገቢ ማግኘት የጀመርኩት ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ሲሆን፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ያየሁት በክምሩ ፊት ቆሞ «ከዚህ ቁራጭ ምን ይወጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደማያተርፍ ነው። እንዲህ ሲጠየቅ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ሐሳብ፣ የራሱን ልኬትና የራሱን የማሽን ዝግጅት ይፈልጋል፤ ቀኑም በዚያው ያልቃል። አስቀድሞ ዕቃው ይመረጥ፤ ዕቃው ርዝመቱን ይወስን፤ ከዚያ በኋላ ክምሩ በሙሉ በዚያ ልክ ይቆረጥ።

በምሳሌ ላሳይዎ። 3 ሜትር ርዝመት ያለውንና አራት ጉጦች ያሉበትን አንድ ጣውላ ይውሰዱ። ከእያንዳንዱ ጉጥ ግራና ቀኝ በጠመኔ ያስምሩ፤ መስመሩ ጉጡን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው የተጠማዘዘውንም ቃጫ ይያዝ፤ መላጊያ ሲነካው የሚቦጨቀው እሱ ነውና። እያንዳንዱ ጉጥ 4 ሳንቲ ሜትር ቢወስድ 16 ይጣላል፤ ንጹሕ ሆነው የሚቀሩት ለምሳሌ 41፣ 66፣ 30፣ 80 እና 67 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። የሚፈልጉት የ90 ሳንቲ ሜትር እንጨት ከሆነ ከዚህ ጣውላ አንድም አያገኙም። 60 ከሆነ ሦስት ያገኛሉ፤ ይህም የጣውላው 60 በመቶ ነው። 30 ከሆነ ስምንት ያገኛሉ፤ 80 በመቶ ደረሰ። 60፣ 30 እና 15 የሚሉ ሦስት ርዝመቶችን ይዘው ከረጅሙ ጀምረው ቢቆርጡ ግን ሦስት ባለ 60፣ ሁለት ባለ 30 እና አንድ ባለ 15 ይወጣሉ፤ በድምሩ 255 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 85 በመቶ። ጣውላው ያው ነው፤ ጉጡም ያው ነው። አንዱ ሰው ማገዶ የሚለውን ሌላው ደህና እንጨት የሚለው በሚፈልገው ርዝመት የተነሣ ነው።

ስለዚህ አጭር ክፍል የሚበዛበትን ዕቃ ይምረጡ። የእኔ ባለ 60ዎቹ የመሳቢያ ጎን ይሆናሉ፤ ባለ 30ዎቹ የበርጩማ እግር ማገናኛና የመደርደሪያ ድጋፍ ይሆናሉ፤ ባለ 15ዎቹ ወደ ሽብልቅና ወደ መጫወቻ ይሄዳሉ። በመጋዙ ጠረጴዛ ላይ ለእያንዳንዱ ርዝመት አንድ ማቆሚያ ተመትቷል፤ ሜትር የሚያነሣ ሰው የለም። ከ15 በታች የሆነውን ማንም እንዳያስቀምጠው ከልክያለሁ፤ ይህን ክልከላ ለማክበር እኔ ራሴ ብዙ ተቸግሬያለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። አጭር ቁራጭን በመላጊያ ማሽን ማሳለፍ አደገኛ ነው፤ እንጨቱን ይዘው ከሚያሳልፉት ሁለት ተሽከርካሪ ሮለሮች ርቀት ያጠረ ቁራጭ መሐል ላይ ሲደርስ የሚይዘው አጥቶ ይወረወራል። የማሽኑ መመሪያ ዝቅተኛውን ርዝመት ይናገራል፤ በብዙዎቹ ማሽኖች 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጣውላው ረጅም ሳለ ውፍረቱን ያስተካክሉ፤ ወይም አጫጭሩን በኮላ አገጣጥመው ሰሌዳ ካደረጉ በኋላ ይላጉት።

ሰንጣቂው፦

አናጢዋ ስለ ጉጥ የጻፉት ትክክል ነው፤ የጎበጠውንና የጎደጎደውን ግን ረጅም ሳለ መላግ አይገባም። እኔ በመሰንጠቂያ ቤት ኖሬያለሁ፤ ሰዎች የተጣመመ ጣውላ ገዝተው እንደ አመጣጡ በማሽን አሳልፈው ግማሹን ሰጋቱራ ሲያደርጉት አይቼ አዝኛለሁ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። የዕድገት ቀለበቱን ተከትሎ የሚኮማተረው ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ በቁመቱ ግን እጅግ ጥቂት ብቻ ያጥራል። ከግንዱ ጎን የተሰነጠቀ ሰፊ ጣውላ ወደ ቅርፊቱ ባለው ገጹ በኩል የሚጎደጉደው በዚህ ልዩነት ነው። ጣውላው እየጎበጠ የክብ ቅስት ቁራጭ ስለሚመስል፣ የጉብጠቱ ጥልቀት የሚቀንሰው በርዝመቱ ልክ ሳይሆን በርዝመቱ ካሬ ነው። 3 ሜትር ርዝመት ኖሮት መሐሉ ላይ 27 ሚሊ ሜትር የጎበጠ ጣውላ በቁመቱ ሲያዩት ተስፋ ያስቆርጣል። ሦስት ቦታ በ1 ሜትር ቢቆርጡት ግን የእያንዳንዱ ጉብጠት ወደ ዘጠነኛው ወርዶ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል።

ለወርዱም ሒሳቡ አንድ ነው። 24 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ 8 ሚሊ ሜትር ጎድጉዶ ከሆነ፣ በሁለት ገጹ ሲላግ የሚቀረው ቢበዛ 22 ሚሊ ሜትር ነው። በመሐሉ ቢሰነጥቁት ግን እያንዳንዱ ባለ 12 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይጎደጉዳል፤ 28 ሚሊ ሜትር ይተርፍልዎታል። ስለዚህ አስቀድሞ በግምት መቁረጥና መሰንጠቅ፣ ከዚያ መላግ ነው። አጭሩ ከማሽኑ ዝቅተኛ ልክ በታች እንዳይወርድ የአናጢዋን ማስጠንቀቂያ ይጠብቁ።

በዚህ መንገድ የማይድነው እንደ ገመድ የተጠማዘዘው ነው። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ተቃራኒ ማዕዘኖቹን ሲጫኑት የሚወዛወዘው እሱ ነው፤ መጠማዘዙ ብዙውን ጊዜ ቃጫው በግንዱ ዙሪያ እየዞረ ከማደጉ የሚመጣ በመሆኑ ዛሬ ቢላግም አየሩ ሲለወጥ ይመለሳል። እኔ ወደ ችካልና ወደ ማሸጊያ ሣጥን እመራዋለሁ እንጂ ለቤት ዕቃ ሥራ አልሰጠውም።

ጣውላ ጠራቢ፦

ጋሼ ሰንጣቂው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት አንዱን የጎበጠ ጣውላ በሲባጎ ለክቼ ሦስት ቦታ ቆረጥኩት፤ እንዳሉት ሆኖ አገኘሁት፤ እንዲያውም አንደኛው ቁራጭ ቀጥ ያለ ነበር። አሁን የሚያስጨንቀኝ በነቀዝ የተበሳው፣ ጥቁር መስመር የገባበትና የተሰነጠቀው ነው። በመቁረጥ የሚወገድ ጉድለት አይደለም፤ በሙሉ ገጹ ላይ ተሰራጭቷል።

ቶርኖ፦

እንዲህ ያለውን እንጨት የሚደብቁበት ሳይሆን የሚያሳዩበት ሥራ ይፈልጉለት። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የነበረው ቼስትነት የሚባል ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1904 ኒው ዮርክ ውስጥ በታየ የፈንገስ በሽታ ሳቢያ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ሊጠፋ ደረሰ፤ ቆሞ የደረቀውንም ዛፍ ነፍሳት በሳሱት። ያ ቀዳዳ የበዛበት ጣውላ በጊዜው እንደ ተራ እንጨት ይታይ ነበር፤ ዛሬ ከአሮጌ ጎተራዎች እየተነቀለ በውድ የሚሸጠው ግን በቀዳዳዎቹ ነው። ጃፓናዊ አሜሪካዊው የእንጨት ባለሙያ ጆርጅ ናካሺማም የተሰነጠቁ ሰፋፊ ጣውላዎችን ስንጥቃቸውን ሳይደብቅ፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ባለው የእንጨት ቁልፍ አሥሮ ለጠረጴዛ ያውላቸው ነበር። ቁልፉ ስንጥቁ እንዳይቀጥል ይይዛል፤ ዓይንም ያርፍበታል።

እርስዎ ጋ ያለው ጥቁር መስመር ፈንገሶች እንጨቱን ሲከፋፈሉት በድንበራቸው ላይ የሚተውት ምልክት ሳይሆን አይቀርም። በአውራ ጣት ጥፍር ወይም በቢላ ጫፍ ይጫኑት፤ ጠንክሮ ከመለሰልዎ ደህና ነው፤ እንደ ቡሽ ከገባልዎ በስብሷልና ጊዜ አያባክኑበት። በመሐል ያለውን፣ ማለትም በከፊል የለሰለሰውን፣ በቀጭን የኢፖክሲ ሙጫ አጠንክሬ ለሳህንና ለመብራት እግር ቶርኖ ላይ አስሬ አውጥቼዋለሁ፤ ነገር ግን የሙጫው ዋጋ ትርፉን ስለሚበላ ለትንሽ ዕቃ ብቻ ያዋጣል። ፈንገሱ ሥራውን የሚቀጥለው እንጨቱ ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ሲኖረው ስለሆነ፣ የደረቀ እንጨት በቤት ውስጥ አይበሰብስም።

ነቀዙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከቀዳዳው ሥር ነጭ ዱቄት አዲስ ሲወርድ ካዩ ትሉ በሕይወት አለ፤ ለደንበኛ ቢሸጡት የደንበኛዎን ሌላ ዕቃ ጭምር ያስበላሉ። ከአገር አገር የሚጓጓዝ የማሸጊያ እንጨት በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ደረጃ ቁጥር 15 መሠረት እምብርቱ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ 30 ደቂቃ እንዲቆይ የሚደረገው ለዚህ ነው። የማድረቂያ ክፍል ያለው ሰው በዚሁ ልክ ሊያክመው ይችላል። ማከም የማይችል ሰው ዱቄት የሚወርድበትን እንጨት ከወርክሾፑ ዛሬውኑ ያውጣ፤ ደህናውንም ይበላልና።

ሒሳብ ያዥ፦

ሁላችሁም ስለ እንጨቱ ጻፋችሁ፤ እኔ ስለ ቦታው ልጻፍ። አንድ ወርክሾፕ ስረከብ ከደረቁ መጋዘን ሲሶው በቁርጥራጭ ተይዞ ነበር። የቀድሞው ባለቤት «አንድ ቀን ይጠቅማል» እያሉ ያኖሩት ነው። ደህናው ጣውላ ግን ቦታ አጥቶ ውጭ በሸራ ሥር ይውል ነበርና በየክረምቱ ይጣመማል። ቁርጥራጩ ራሱ ቁርጥራጭ ሲፈጥር እንደኖረ የተረዳሁት የዚያን ጊዜ ነው። ሦስት ቀን ሠርተን ለየን፤ ከአምስት እጅ አራቱን አስወጣን። ለቀረው የራሱ መደርደሪያ ሠራንለት፤ መደርደሪያው ሲሞላ አዲስ የሚገባው አሮጌው ሲወጣ ብቻ ነው። ጣውላ ጠራቢ ትርፉን ሲያሰላ የተያዘውን ወለል ካልቆጠረ ስሌቱ ጎዶሎ ነው።

ሰጋቱራ፦

ሒሳብ ያዥ ያስወጡት አራቱ እጅ የት እንደሄደ አልነገሩንም፤ የእኔ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ነው። እኔ ከወርክሾፖች ፍቅፋቂና ሰጋቱራ እየሰበሰብኩ ወደ ብሪኬት፣ ማለትም ተጨምቆ ወደተሠራ ማገዶ፣ እቀይራለሁ። ይህ ሥራ እንደማያዋጣ የሚናገሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ እርጥብ ሰጋቱራ የተቀበሉ ናቸው። በክብደቱ ግማሹ ውኃ የሆነ እንጨት በኪሎ የሚሰጠው ሙቀት ከደረቁ ግማሽ አይሞላም፤ ውኃውን ለማትነን ብዙ ይባክናልና። ለመጭመቂያ ማሽንም እርጥበቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ አካባቢ ሲሆን ነው የሚያዘው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ብሪኬቱ እንፋሎት ውስጡ ታፍኖ ይሰነጣጠቃል። ልኩ ሲጠበቅ ግን ኮላ አያስፈልገውም፤ በግፊቱና በሙቀቱ ሊግኒን የሚባለው የእንጨቱ የራሱ ማጣበቂያ ለስልሶ ያጣብቀዋል። የቤት ዕቃ ወርክሾፕ ሰጋቱራ ከደረቀ ጣውላ ስለሚወጣ ከመሰንጠቂያው ሰጋቱራ ይልቅ ዋጋ የሚኖረው በዚህ ነው። ፋብሪካዎች ከቆሻሻው ሌላ ዕቃ ማውጣትን ከተማሩ ቆይተዋል፤ ዊሊያም ሜሰን እ.ኤ.አ. በ1924 በሚሲሲፒዋ ሎረል ከተማ ከመሰንጠቂያ የሚጣለውን እንጨት በእንፋሎት ግፊት ወደ ቃጫ በትኖ ሜሶናይት የሚባለውን ጠንካራ ሰሌዳ አውጥቷል። እንዲህ ያለው ሥራ ለትንሽ ወርክሾፕ አይሆንም፤ ንጹሕ ቁርጥራጭን በዓይነቱ ለይቶ ለሚሠራው መሸጥ ግን ይቻላል።

ፍቅፋቂው ለእንስሳት መኝታ ይፈለጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ እለምናችኋለሁ። ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ የኤምዲኤፍ (ከእንጨት ቃጫና ከሙጫ የተጨመቀ ሰሌዳ) ብናኝ ወይም በኬሚካል የተነከረ እንጨት የገባበት ፍቅፋቂ ለእንስሳ አይሰጥም፤ ጥቁር ዋልነት ከሚባለው ዛፍ የወጣ ፍቅፋቂ ብቻውን እንኳ የፈረስን ሰኮና ያሳምማል። በመዳብ፣ በክሮሚየምና በአርሴኒክ የተነከረ አሮጌ ምሰሶና አጥር በምንም መንገድ አይቃጠልም፤ መርዙ ከጭሱና ከአመዱ ጋር ይቀራል። ሰጋቱራን እንዲሁ አፈር ውስጥ መቅበርም ተክሉን ያስርባል፤ የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን የአፈሩን ናይትሮጅን ለራሳቸው ይወስዱታልና፤ መጀመሪያ ከፍግ ጋር ተብላልቶ ይቆይ። ሁላችሁም ደግሞ አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ምድብ አስገብቶታል። ብናኙን የሚሰበስብ ማሽን ለሽያጭም ለጤናም ያገለግላል።

ጣውላ ጠራቢ፦

ስድስት ሳምንት ሆኖኛል፤ የሠራሁትን ልንገራችሁ። ነቀዝ የገባበትን በመጀመሪያው ቀን አስወጣሁ። የቀረውን በአራት ለየሁ፤ በርዝመት የሚድነውን፣ በወርድ ተሰንጥቆ የሚድነውን፣ መልክ ያለውንና ለማገዶ የሚሄደውን። ሣጥን መሥራት አቆምኩ። ለአንድ የበርጩማ ዓይነት ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ማገናኛዎችን በማቆሚያ ቆርጬ አዘጋጀሁ፤ መቀመጫውን ደግሞ ከጠባብ ቁራጮች በኮላ አገጣጥሜ ሠራሁ። የመጀመሪያዎቹ አሥር በርጩማዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሰዓት ተኩል ወሰዱ፤ የሚቀጥሉት ሃያ ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች። የሣጥኑን ግማሽ ቀን ያስታውሱታል። ከሠላሳው ሃያ ስድስቱ ተሸጠዋል።

አራቱ ግን የተሸጡ አይደሉም፤ መቀመጫቸው በኮላው መስመር ላይ ተከፍቶ ተገኝቷል። ኮላው ያው፣ ሞርሳው ያው፣ ያሰርኩበት ጊዜም ያው ነው። የተለየው ነገር እነዚህን አራት የሠራሁት ከመሰንጠቂያው የገዛሁትን እንጨት ከወርክሾፑ አሮጌ ቁርጥራጭ ጋር ቀላቅዬ መሆኑ ብቻ ነው። ጥፋቱ እዚያ ይሆን?

አናጢዋ፦

እዚያው ነው፤ እኔም በዚሁ ተቀጥቼ አውቀዋለሁ። የሁለት ዓመቱ ቁርጥራጭ ደርቆ ጨርሷል፤ አዲሱ ገና እየደረቀ ነው። ጎን ለጎን ስታጣብቃቸው አንዱ ባለበት ሲቆም ሌላው ይኮማተራል፤ ጭንቀቱን ሁሉ የሚሸከመው የኮላው መስመር ነው። ከተለያየ ቦታ የተሰበሰበ ቁርጥራጭ ላይ ይህ ችግር ከደህና ጣውላ ይልቅ የሚበረታው እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ታሪክ ስላለው ነው።

የእርጥበት መለኪያ ከሌለዎ በሚዛን ያውቁታል። ከጣውላው ጫፍ ሳይሆን ከመሐሉ ትንሽ ናሙና ቆርጠው ወዲያው ይመዝኑት፤ ከዚያ በ103 ዲግሪ አካባቢ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቁት፤ የጠፋውን ክብደት ለደረቁ ክብደት ያካፍሉ። 58 ግራም የነበረው 50 ግራም ላይ ቢቆም የጠፋው 8 ግራም ነው፤ እርጥበቱ 16 በመቶ ነበር ማለት ነው። በሁለቱ እንጨቶች መካከል ከሁለት በመቶ በላይ ልዩነት ካለ እኔ አንድ ላይ አላጣብቃቸውም። የቃጫው አቅጣጫም በሁሉም ቁራጮች አንድ ይሁን፤ አንዱ በቁመቱ ሌላው በወርዱ ከተጣበቀ እርጥበታቸው እኩል ቢሆንም ይለያያሉ።

ጣውላ ጠራቢ፦

መዘንኩት። የወርክሾፑ ቁርጥራጭ 10 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ከመሰንጠቂያው የመጣው 17። አዲሱን ከሚፈለገው ልክ በግምት አስፍቼ ሰንጥቄ፣ በየመሐሉ ቀጭን እንጨት አድርጌ ከወርክሾፑ ውስጥ ደርድሬዋለሁ፤ በየሳምንቱ አንድ ናሙና እመዝናለሁ። እስከዚያ መቀመጫዎቹ ከአሮጌው ብቻ ይሠራሉ። የተከፈቱትን አራቱን በኮላው መስመር ላይ ሰንጥቄ ለያይቻቸዋለሁ፤ ሰባቱ ቁራጮች ለባለ 30 ማገናኛ በቅተዋል።